ቤት ተሰብሮ በተገደለ ሰው ጉዳይ ጥፋተኛ ለተባለ ሰው ይግባኝ እንዴት ይዘጋጃል? ለአዳማ ቤተሰቦች ዝርዝር መመሪያ

የቅጣት ውሳኔ በተነበበ ዕለት ቤተሰብ የሚሮጠው ወደ ዘመድ ነው። «እዚያ ቤት የምታውቁት ሰው የለም ወይ?» እየተባለ ይጠየቃል። አንዱ ሌላውን ይጠቁማል፣ ስልክ ይደወላል፣ ነገ ይባላል። በዚህ መሃል ቀኑ ይሄዳል። ይግባኝ ደግሞ በቀን የሚቆጠር መብት ነው።

ይህን የምጽፈው ለእነዚህ ቤተሰቦችና ለታሳሪው ራሱ ነው። ጉዳዩ ከባድ ነው። ሌሊት ቤት ተሰብሯል፣ ንብረት ተወስዷል፣ በመሃል ሰው ሞቷል። ሟች እናት አለችው፣ ልጆች ይኖሩታል። ይህን ለአፍታም አልረሳም። ነገር ግን ያልገደለ ሰው በገዳይነት ሲታሰር የሟች ቤተሰብም እውነቱን አላገኘም። ለዚህ ነው ይግባኝ በደንብ መሠራት ያለበት።

ብዙ የይግባኝ ማመልከቻ የሚወድቀው ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ መልሶ ስለሚተርክ ነው። ልጁ ጨዋ እንደሆነ፣ እናቱ እንደታመመች፣ ፖሊስ እንደጠላው ይጻፋል። የይግባኝ ዳኞች የሚፈልጉት ሌላ ነው። የሥር ፍርድ ቤቱ በየትኛው ገጽ፣ የትኛውን ማስረጃ ይዞ፣ የትኛውን አንቀጽ ሲጠቅስ ተሳሳተ? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሚያግዝ ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ ልፍጠር። ፍራንኮ አካባቢ ያለ ግቢ እንበል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሦስት ወጣቶች ይመጣሉ። ሁለቱ አጥር ዘለው ይገባሉ። ሦስተኛው ባጃጁን አስነስቶ ውጭ ይጠብቃል። ዘበኛው ይነቃል፣ ትግል ይነሳል፣ በብረት ይመታል፣ ሆስፒታል ሲደርስ ሕይወቱ ያልፋል። ሦስቱም በከባድ የሰው ግድያ ጥፋተኛ ተባሉ። የባጃጁን ልጅ ጉዳይ እስከ መጨረሻው ይዘን እንሂድ።

አንደኛ፦ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንደምትጠይቁ አሳውቁ

በ1954 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 187 መሠረት ሁለት የጊዜ ገደቦች አሉ። ብዙ ሰው አንድ ላይ ይቀላቅላቸዋል። የመጀመሪያው ፍርዱ ከተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ለፈረደው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር የሚገባው አጭር ማስታወቂያ ነው። ሁለተኛው የፍርዱ ግልባጭ ከደረሳችሁ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ የሚቀርበው ዋናው የይግባኝ ማመልከቻ ነው።

የመጀመሪያው ማስታወቂያ ምክንያት መዘርዘር አያስፈልገውም። ስም፣ የመዝገብ ቁጥር፣ የፍርዱ ቀን፣ «በጥፋተኝነቱም በቅጣቱም ላይ ይግባኝ እጠይቃለሁ፤ ግልባጭ ይሰጠኝ» የሚል አንድ አንቀጽ ይበቃል። የኔ ምክር ቅጣቱ በተነበበ ዕለት ወይም በማግስቱ አስገቡት ነው። ጠበቃ እስክታገኙ አትጠብቁ። ይህን ወረቀት ታሳሪው ራሱ ሊጽፈው ይችላል።

ታሳሪው ማረሚያ ቤት ከሆነ ማመልከቻውን ለማረሚያ ቤቱ አስተዳደር መስጠት ይችላል፤ እነሱም ለፍርድ ቤት ያስተላልፋሉ። ሲሰጥ ግን ኮፒው ላይ ቀንና ፊርማ ያስደርግ። ስንቅ የምታመላልሱት ሰዎች ያንን ኮፒ ተቀብላችሁ ቤት አስቀምጡት። አንድ ቀን «አልደረሰንም» ቢባል መልሳችሁ እሱ ነው።

ቀኑ ካለፈስ? በር ሁሉ አልተዘጋም። የጊዜ ገደቡ ካለፈ በኋላ ለማስፈቀድ ማመልከት ይቻላል። ነገር ግን መዘግየቱ በይግባኝ ባዩ ጥፋት እንዳልሆነ ማሳየት ግድ ነው። «አላወቅኩም ነበር» ብዙ ጊዜ አይሠራም። የሕክምና ወረቀት፣ ከማረሚያ ቤቱ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ግልባጩ የዘገየበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ይሠራል።

ሁለተኛ፦ የመዝገቡን ሙሉ ግልባጭ አውጡ

ፍርዱን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። የክስ ማመልከቻው፣ የምስክሮች ቃል፣ የተከሳሽነት ቃል፣ የሕክምናና የአስከሬን ምርመራ ውጤት፣ የኤግዚቢት (በማስረጃነት የተያዙ ዕቃዎች) ዝርዝር፣ ተከሳሹ «ተከላከል» የተባለበት ብይን፣ የጥፋተኝነት ፍርዱ፣ የቅጣት ውሳኔው ሁሉ ያስፈልጋል። ክሱ በከባድ ግድያ ወይም በከባድ ውንብድና ስለሆነ ቀዳሚ ምርመራ ተደርጎ ሊሆን ይችላል። ከተደረገ የዚያን መዝገብም ጠይቁ። ምስክሩ ያኔ ያለውና በኋላ በዋናው ችሎት ያለው ተለያይቶ ከሆነ ትልቅ ነገር ነው።

ግልባጩን የተቀበላችሁበትን ቀን ጻፉ። 30 ቀኑ የሚነሳው ከዚያ ነው።

አዳማ ላይ ቋንቋን ከመጀመሪያው ማሰብ ያስፈልጋል። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። መዝገቡም ፍርዱም በቁቤ ተጽፎ ነው የሚወጣው። አማርኛ ብቻ የሚያነብ ቤተሰብ ፍርዱን በሰው አፍ ተተርጉሞለት ብቻ ይግባኝ መሥራት የለበትም። ጥሩ አንባቢ ፈልጋችሁ መስመር በመስመር አስተርጉሙ። በተለይ «አስቦ»፣ «ተባብሮ»፣ «ተስማምቶ» የሚሉ ሐሳቦች የገቡበትን ቦታ በትክክል እወቁት። እኔ ከታች የምሰጣቸው የማመልከቻ ምሳሌዎች ለሐሳቡ በአማርኛ ናቸው። የሚገባው ማመልከቻ በችሎቱ ቋንቋ ይጻፋል።

ተከሳሹ አፋን ኦሮሞ የማይሰማ ሆኖ ምስክሮች ሲናገሩ አስተርጓሚ ካልተመደበለት ይህ ራሱን የቻለ የይግባኝ ነጥብ ነው። የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20(7) በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ የማግኘት መብት ይሰጣል። በመዝገቡ ላይ ተጠይቆ እንደነበር፣ ምን መልስ እንደተሰጠ ፈልጉ።

ሦስተኛ፦ ጠበቃ

አቅም ካላችሁ ግድያ ጉዳይ የሠራ ሰው ፈልጉ። ሁለት ነገር ጠይቁት። ፈቃዱ በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ለመከራከር ያስችለዋል ወይ? ነገሩ ከይግባኝ አልፎ የሕግ ስህተትን ብቻ ወደሚያየው የፌዴራል ሰበር ችሎት ቢደርስስ መቀጠል ይችላል ወይ? የክልልና የፌዴራል የጥብቅና ፈቃድ የተለያየ ስለሆነ ይህ ቀድሞ ይጠየቅ።

አቅም ከሌላችሁ ተከላካይ ጠበቃ ጠይቁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(5) የመክፈል አቅም ለሌለውና ያለ ጠበቃ ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ይላል። ዕድሜ ልክ ወይም ሞት በሚያስቀጣ ክስ ከዚህ በላይ የሚያስፈልግበት ቦታ የለም። ተከላካይ ጠበቃ ሥራ ይበዛበታል። ስለዚህ መዝገቡን አዘጋጅታችሁ፣ ገጹን ምልክት አድርጋችሁ ስጡት። የጠራ ማስታወሻ ይዞ የመጣ ቤተሰብ ሥራውን በግማሽ ያቀልለታል።

«ዳኛውን አውቀዋለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ በሩን ዝጉበት። ገንዘባችሁም ቀናችሁም እሱ ጋር ይቀራል።

አራተኛ፦ ፍርዱን በእርሳስ አንብቡ

የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 149 ፍርድ ምን መያዝ እንዳለበት ይናገራል። የማስረጃው ማጠቃለያ፣ ማስረጃው የታመነበት ወይም የተጣለበት ምክንያት፣ ጥፋተኛ የተባለበት አንቀጽ መኖር አለበት። ስለዚህ በየገጹ ጠርዝ ላይ ጻፉ። ይህ ፍሬ ነገር ከየትኛው ምስክር መጣ? የኛ መከላከያ ምስክር ለምን አልታመነም? ምክንያት ተሰጥቷል ወይስ «አላሳመነንም» ብቻ ተብሎ ታልፏል?

በእኛ ምሳሌ ፍርዱ «ተከሳሾች ተባብረው ሟችን በብረት መትተው ገድለዋል» ቢል እዚያ ላይ ቁሙ። «ተከሳሾች» የሚለው ቃል ሦስቱን በአንድ ላይ ጠቅልሏል። ብረቱን የያዘው ማን ነው? ማን አየ? የባጃጁ ልጅ ግቢው ውስጥ ገብቷል የሚል ምስክር አለ? ከሌለ የይግባኙን ልብ አግኝታችኋል።

አምስተኛ፦ የእያንዳንዱን ሰው ድርሻና ሐሳብ ለዩ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። በዚህ ዓይነት ጉዳይ ብዙው ነገር የሚወሰነው እዚህ ነው።

በ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግ አንቀጽ 539 ከባድ የሰው ግድያ ነው፤ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ነው። ከንኡስ አንቀጾቹ መካከል 539(1)(ሐ) ሌላ ወንጀል ለመፈጸም ለማመቻቸት ወይም ለመደበቅ ሲባል የሚደረግን ግድያ ይመለከታል። ዐቃቤ ሕግ ለቤት ሰበራ ግድያ የሚመርጠው ብዙውን ጊዜ ይህን ነው። አንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ ሲሆን ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው። ከዚህ ጎን ውንብድና (670) እና ከባድ ውንብድና (671) አሉ።

የእነዚህ ልዩነት የዓመታት ልዩነት ነው። በአመክሮ መፈታት ሲታሰብ በአንቀጽ 202 መሠረት የተወሰነ ዓመት የተፈረደበት ሰው ሁለት ሦስተኛውን መፈጸም አለበት፤ የዕድሜ ልክ ፍርደኛ ደግሞ 20 ዓመት። አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ወጥቶ ቤተሰብ መመሥረት ይችል እንደሆነ የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው።

ብዙ ሰው የሚገምተው «ሌብነት ሄደው ሰው ከሞተ አብሮ የሄደ ሁሉ ገዳይ ነው» የሚለውን ነው። የወንጀል ሕጋችን ግን እንዲህ አይልም። አንቀጽ 23 ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች (የሕጉ ድንጋጌ፣ ድርጊቱና ሐሳቡ) አብረው መሟላት እንዳለባቸው ይናገራል። አንቀጽ 58(3) ደግሞ ማንም ሰው ካሰበው ወይም ሊደርስ ይችላል ብሎ ከተቀበለው ውጤት በላይ በሆነው ነገር አስቦ እንዳደረገ ተቆጥሮ ሊቀጣ እንደማይችል ይደነግጋል፤ የቸልተኝነት ድንጋጌዎች እንደተጠበቁ ናቸው። ዋና ወንጀል አድራጊን የሚመለከተው አንቀጽ 32ም የተፈጸመው ወንጀል ከተከሳሹ ሐሳብ አልፎ ሲገኝ ወደዚሁ ወደ 58(3) ይመራል።

እንግዲህ የባጃጁን ልጅ በዚህ ዓይን እዩት። ስርቆት አስቧል፤ ይህን መካድ ላይሆንለት ይችላል። መግደልን አስቧል ወይ? ብረቱ ከቤት ይዘውት የወጡት ነበር ወይስ ግቢው ውስጥ የተገኘ? አስቀድመው «ዘበኛው ቢነቃ እንመታዋለን» ተባብለው ነበር? ዘበኛ እንዳለ ያውቅ ነበር? ጩኸት ሲሰማ ምን አደረገ፣ ጥሏቸው ሄደ ወይስ እስኪወጡ ጠበቀ?

ጥንቃቄ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። አንቀጽ 58 ውጤቱን ባይፈልገውም «ሊደርስ ይችላል» ብሎ እያወቀ፣ ቢደርስም ግድ የለኝም ብሎ የገባበትን ሰው እንደ አሳቢ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ሽጉጥ እንደያዙ እያወቀ ባጃጅ ያቀረበ ሰውና ባዶ እጃቸውን ያየ ሰው አንድ አይደሉም። ክርክራችሁ የሚቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው፤ ማስረጃውም መዝገቡ ውስጥ መኖር አለበት።

ሌላው መንገድ ዋና አድራጊነትን ትቶ አባሪነትን፣ ማለትም በወንጀሉ መርዳትን (አንቀጽ 37) ማንሳት ነው። በመኪና ማጓጓዝ፣ መረጃ መስጠት፣ መሣሪያ ማቅረብ እንደ ሁኔታው ወደዚህ ሊወድቅ ይችላል። አባሪም ቢሆን የሚጠየቀው እያወቀ ለረዳው ወንጀል ነው። ከወንጀሉ በኋላ ብቻ የገባ ሰውስ? የተሰረቀ ስልክ የገዛ ወይም ያስቀመጠ ሰው በመሸሸግ (አንቀጽ 682) ሊጠየቅ ይችላል፤ ስልኩ እጁ ላይ መገኘቱ ብቻውን ግን ዘበኛውን እንደመታ አያሳይም።

ጥፋተኝነቱ በሁለት ክስ ከሆነ፣ ማለትም በ539 እና በ671፣ ፍርዱ የሰውየውን ሞት እንዴት እንደተጠቀመበት ተመልከቱ። ያው አንድ ሞት ግድያውንም ውንብድናውንም ለማክበድ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ከሆነ ነጥቡን አንሱት።

ስድስተኛ፦ ማስረጃውን አንድ በአንድ ፈትሹ

ቤት ሰብሮ የመግደል ክስ ብዙ ጊዜ የሚቆመው በእነዚህ ነው፦ በተከሳሽነት ቃል፣ ተከሳሹ ፖሊስን ቦታው ድረስ «መርቶ አሳየ» በሚል ምስክርነት፣ በተገኘ ንብረትና በሌሊት ባየ ምስክር።

የተከሳሽነት ቃል ለፖሊስ የተሰጠ (የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27) ነው ወይስ ፍርድ ቤት ቀርቦ የተሰጠ የእምነት ቃል (የዚያው ሕግ አንቀጽ 35)? ተገድዶ ከሆነ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(5) ተገድዶ የተሰጠ ቃል በማስረጃነት እንደማይቀርብ ይናገራል። «ተደብድቤ ነው» ማለት ብቻ ግን አይበቃም። የያዙበት ቀን፣ ፍርድ ቤት የቀረበበት ቀን፣ የሕክምና ካርድ፣ በመጀመሪያው ቀጠሮ ለዳኛው ያመለከተው ነገር መዝገብ ላይ ካለ ገጹን ጥቀሱ።

የባልደረባ ቃል ሌላ ጉዳይ ነው። አንደኛው ተከሳሽ ለፖሊስ «እሱ ነው የመታው» ብሎ ሊሆን ይችላል። ያንን ቃል የሰጠው ሰው በመሐላ ቀርቦ መስቀለኛ ጥያቄ ካልተጠየቀ፣ በሌላው ላይ እንደ ምስክርነት መወሰዱ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 20(4) ይነካል ብላችሁ ተከራከሩ። የራሱን ጥፋት ለማቅለል የተናገረው እንደሆነም አሳዩ።

የዓይን ምስክርን በተመለከተ ብርሃኑን ጠይቁ። መብራት ነበር? ምን ያህል ርቀት ላይ? ፊታቸው ተሸፍኖ ነበር? ተከሳሹን ከዚያ በፊት ያውቀው ነበር? ለመጀመሪያ ጊዜ የለየው የት ነው፣ ከሌሎች ሰዎች መሃል ተደባልቆ ነው ወይስ በካቴና ታስሮ ፖሊስ ጣቢያ? ምስክሩ ለፖሊስ የሰጠውን ቃልና በችሎት የተናገረውን ጎን ለጎን አስቀምጡ።

የአስከሬን ምርመራ ውጤቱን የሕክምና ሰው ያንብብላችሁ። ስንት ምት ነው? የት ላይ? በምን ዓይነት ነገር? አንድ ምት ብቻ ከሆነ ሦስት ሰው «መትተው ገደሉ» የሚለው አይቆምም።

አዲስ ማስረጃ ካለስ? የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 194 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ተጨማሪ ማስረጃ እንዲሰማ ይፈቅድለታል። ለምን በሥር ፍርድ ቤት እንዳልቀረበ ግን ማስረዳት አለባችሁ። በእጃችሁ የነበረውን ያላቀረባችሁት ከሆነ ይከብዳል።

ሰባተኛ፦ ማመልከቻውን ጻፉ

ይግባኙ የሚቀርበው፣ ጉዳዩን ያየው አዳማ ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሆነ፣ ለኦሮሚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ሰሚ ችሎት ነው። ማመልከቻው የት እንደሚገባ ግልባጩን ስትወስዱ እዚያው ሬጅስትራር ጋ ጠይቁ።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። ፍሬ ነገሩን በግማሽ ገጽ፣ ከዚያ የቅሬታ ነጥቦቹን። ሦስት ወይም አራት ጠንካራ ነጥብ ከአሥራ አምስት ደካማ ይሻላል። ደካማው ጠንካራውን ያደበዝዘዋል።

ለባጃጁ ልጅ አንድ ነጥብ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«የሥር ፍርድ ቤት ይግባኝ ባይ በአንቀጽ 539(1)(ሐ) ጥፋተኛ ነው ያለው በዐቃቤ ሕግ 2ኛና 4ኛ ምስክሮች ቃል ላይ ተመሥርቶ ነው። ሁለቱም ምስክሮች ይግባኝ ባይን ያዩት ከግቢው ውጭ፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ እንደሆነ ተናግረዋል። ሟችን ስለመምታቱ፣ ብረት ስለመያዙ ወይም ለመግደል ስለመስማማቱ የተናገረ ምስክር የለም። ስለሆነም የግድያ ሐሳብ ባልተረጋገጠበት ሁኔታ የተሰጠው የጥፋተኝነት ፍርድ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 23 እና 58(3)ን የሚቃረን ነው።»

ማን እንደመሰከረ፣ ምን እንዳለ፣ ምን እንደጎደለ፣ የትኛው አንቀጽ እንደተጣሰ አለበት። ከዚህ በላይ ማሳመሪያ አያስፈልገውም።

ብዙዎች የሚሰናከሉበት ቦታ አለ። ተከሳሹ በሥር ፍርድ ቤት «በዚያ ሌሊት ወንጂ ነበርኩ» ብሎ ተከራክሮ፣ በይግባኝ «ውጭ ብቻ ነበርኩ የቆምኩት» ቢል ሁለቱም ይወድቃሉ። ክርክሩን መገልበጥ ዳኞችን ያስቆጣል። የሚሻለው የሥር ክርክሩን ሳይተው አማራጭ ማስቀመጥ ነው፦ «የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ እንዳለ እውነት ነው ተብሎ ቢወሰድ እንኳ የሚያሳየው ይግባኝ ባይ ውጭ እንደነበር ብቻ ነው።» እንዲህ ሲባል ምንም አልታመነም፤ የራሳቸው ማስረጃ የት እንደሚያቆማቸው ብቻ ታይቷል። በሥር ፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኖ የተፈረደበት ሰው ግን በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 185 መሠረት ይግባኝ ማለት የሚችለው በቅጣቱ ላይ ነው።

መጨረሻ ላይ ጥያቄያችሁን በደረጃ አስቀምጡ። መጀመሪያ ጥፋተኝነቱ ተሽሮ በነጻ እንዲሰናበት፤ ይህ ካልሆነ አንቀጹ ተቀይሮ ድርሻውን በሚመጥነው ድንጋጌ እንዲጠየቅ፤ ይህም ካልሆነ ቅጣቱ እንዲቀንስ።

ስምንተኛ፦ ቅጣቱን ለብቻው ተከራከሩ

ጥፋተኝነቱ ቢጸና እንኳ ቅጣቱ ሊቀየር ይችላል። የቅጣት አወሳሰን መመሪያው በእርከን የሚሠራ ስለሆነ እያንዳንዱ ማቅለያ የሚቆጠር ነገር ነው። የሥር ፍርድ ቤቱ የትኛውን ማቅለያ ተቀበለ፣ የትኛውን በዝምታ አለፈ? የቀድሞ ጠባይ፣ የቤተሰብ አስተዳዳሪነት፣ እጅ መስጠት፣ ንብረት መመለስ፣ በወንጀሉ የነበረው ድርሻ ማነስ ይታያል።

ዕድሜን በደንብ አጣሩ። ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን 18 ዓመት ያልሞላው ሰው በሞት ሊቀጣ አይችልም። ከ15 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ የሚተዳደረው በሌላ ክፍል ነው። የልደት ወረቀት፣ የክርስትና ወይም የትምህርት ቤት ማስረጃ፣ ካልተገኘም የሕክምና የዕድሜ ምርመራ ጠይቁ።

በአካባቢያችን ሽማግሌ ገብቶ ጉማ የሚባለው እርቅ ይካሄዳል። እርቁ የወንጀል ክሱን አያስቆምም። ነገር ግን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 እውነተኛ ጸጸትንና የደረሰውን ጉዳት መካስን በማቅለያነት ስለሚያይ ለቅጣት ሊጠቅም ይችላል። እርቁ ከልብ ሲሆን ደግሞ ለሁለቱም ወገን ከወረቀት በላይ የሆነ ነገር አለው። አንድ ነገር ግን ከጠበቃ ጋር ተመካከሩበት። «አልነበርኩም» ብሎ የሚከራከር ሰው ቤተሰቦቹ «ልጃችን ገድሏልና ይቅር በሉን» ብለው ቃለ ጉባኤ ላይ ቢፈርሙ ክርክሩ ይበላሻል። ቃሉ ሲጻፍ ሐዘንን መካፈልና ማመን ተለይተው ይጻፉ።

ይግባኝ ሳትጠይቁ በፊት ይህንም እወቁ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 195 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ቅጣት የመጨመር ሥልጣንም እንዳለው ይናገራል። ዐቃቤ ሕግም ቅጣቱ አነሰ ብሎ በበኩሉ ይግባኝ ሊጠይቅ ይችላል። ዝቅ ያለ ቅጣት ያገኘ ሰው ይህን መዝኖ ይወስን። ዕድሜ ልክ ለተፈረደበት ግን ሚዛኑ ሌላ ነው።

ዘጠነኛ፦ ችሎት ላይ

መዝገቡ ከተከፈተ በኋላ ዳኞቹ መጀመሪያ የሚያዩት ጉዳዩ «ያስቀርባል» ወይስ «አያስቀርብም» የሚለውን ነው። «ያስቀርባል» ከተባለ ዐቃቤ ሕግ መልስ እንዲሰጥ መጥሪያ ይወጣለታል። «አያስቀርብም» ከተባለ ይግባኙ እዚያው ያበቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀጠሮ ለመተዋወቂያ አይደለም። ጠንካራው ነጥባችሁ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ይምጣ።

በክርክር ጊዜ ይግባኝ ባይ ይጀምራል፣ መልስ ሰጪ ይከተላል፣ ይግባኝ ባይ የመልስ መልስ ይሰጣል። ታሳሪው ራሱ የመናገር ዕድል ሲያገኝ አጭር ይናገር። ሟችን በክፉ አያንሳ። «ዘበኛው ነው የጀመረው» የሚል ንግግር በሌሊት ሰው ቤት ለተገኘ ሰው አይጠቅመውም።

ዋስትናን በተመለከተ ተስፋ አላበዛም። ሰው በሞተበት በዚህ ዓይነት ከባድ ክስ ከፍርድ በፊትም ዋስትና የሚከለከል ነው። የሞት ፍርድ ከሆነ ግን በርዕሰ ብሔሩ ሳይጸድቅ አይፈጸምም።

ውሳኔው ማጽናት፣ ማሻሻል፣ መሻር ወይም ወደ ሥር ፍርድ ቤት መመለስ ሊሆን ይችላል። አብረው ከተፈረደባቸው መካከል ይግባኝ ያልጠየቀ ሰው ካለ የሥነ ሥርዓት ሕጉን አንቀጽ 196 አስታውሱ። በአንዱ ይግባኝ የተገኘ ጥቅም ምክንያቱ ለሌላውም የሚሠራ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ለእሱም እንዲደርስ ሊያዝዝ ይችላል። ጥያቄውን በግልጽ አንሱት።

አሥረኛ፦ ሰበር

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ካጸናው በኋላ የሚቀረው ሰበር ነው። በተለመደው መንገድ መጀመሪያ የክልሉ ሰበር ችሎት፣ ቀጥሎ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ነው። እዚህ «ምስክሩ ዋሽቷል» የሚል ክርክር ቦታ የለውም። የሚታየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት ብቻ ነው። የምስክር ተአማኒነት ነጥብ ሁሉ በይግባኝ ላይ ማለቅ ያለበት ለዚህ ነው። «የግድያ ሐሳብ ሳይረጋገጥ በ539 ተፈረደ» የሚለው ግን የሕግ ጥያቄ ነውና ሰበርም ድረስ ይሄዳል።

የፌዴራል ሰበር መጀመሪያ በሦስት ዳኞች ይጣራል፤ ካለፈ በአምስት ዳኞች ይታያል። አምስቱ የሚሰጡት የሕግ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል። ስለዚህ የታተሙትን የሰበር ውሳኔ ቅጾች ጠበቃችሁ ይፈትሽ፤ ከእናንተ ጋር የሚመሳሰል ውሳኔ ከተገኘ በይግባኝም ጊዜ ቢሆን ይጠቀስ።

የፌዴራል ፍርድ ቤት ቋንቋ አማርኛ ነው። በአፋን ኦሮሞ የተጻፉት ፍርዶች ተተርጉመው ነው የሚቀርቡት። ትርጉም ጊዜም ገንዘብም ይፈልጋል፣ የሰበር ማመልከቻም የራሱ የጊዜ ገደብ አለው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ በተነበበ ዕለት ገደቡን ሬጅስትራር ጋ ጠይቃችሁ፣ ግልባጩ በእጃችሁ እንደገባ በማግስቱ ለተርጓሚ ስጡት።